ደጋግሞ የሚቆም ኮምፒዩተር፤ የተሰወረ ብልሽት ፍለጋ ታሪክ

አንድ ኮምፒዩተር በሥራ ላይ እንዳለ በድንገት ሲቆም፣ ተነሥቶም ጥቂት ከሠራ በኋላ ዳግመኛ ሲቆም፣ ወቀሳውን የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራም ሰው የጻፈው ስለሆነ ስሕተት እንደማይጠፋው ሁሉም ያውቃል፤ ዕቃው ግን ብረትና ሲሊከን በመሆኑ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም ተብሎ ይታሰባል። ይህ አሳብ ከመጀመሪያው ኮምፒዩተር ዘመን ጀምሮ ሲፈርስ የኖረ ነው። መሐንዲሶችን ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ጨርሶ የተበላሸው ዕቃ ሳይሆን፣ ሚሊዮን ጊዜ በትክክል ሠርቶ አንድ ጊዜ የሚስተው ነው። የሞተ ዕቃ በፈታሹ ፊት ሞቶ ይገኛል፤ አልፎ አልፎ የሚስተው ግን ለምርመራ በቀረበ ጊዜ ጤነኛ መስሎ ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ብልሽት እጅ ከፍንጅ ለመያዝ የተደረገው ጥረት ከሰባ ዓመት በላይ የዘለቀ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫኩም ቱቦዎች ነበሩት። ቫኩም ቱቦ እንደ መብራት አምፖል የሚግል፣ እንደ አምፖልም የሚቃጠል ዕቃ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱ እንኳ ቢቃጠል የስሌቱ ውጤት ስለሚበላሽ፣ መሣሪያው ለቁም ነገር አይበቃም ብለው የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ዋናው መሐንዲስ ፕሬስፐር ኤከርት ቱቦዎቹ ከተወሰነላቸው ኃይል በታች እንዲሠሩ አደረገ። ከዚህም ሌላ አብዛኛው ቱቦ የሚቃጠለው መሣሪያው ሲበራና ሲጠፋ መሆኑ ስለ ተስተዋለ ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ እንዲኖር ተወሰነ። በዚህ ጥንቃቄ የብልሽቱ ብዛት በሁለት ቀን አንድ ቱቦ ወደ መሆን ወረደ። ኤኒያክ ያለ ብልሽት በተከታታይ የሠራበት ረጅሙ ጊዜ በ1954 የተመዘገበው 116 ሰዓት ነው፤ ይኸውም አምስት ቀን እንኳ አይሞላም።

የተቃጠለ ቱቦ በመጨረሻ ይገኛል። ሊቃጠል የተቃረበውን፣ ዛሬ የደከመውንና ነገ በሥራ መካከል የሚያሳፍረውን ለይቶ ማወቅ ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቅ ነበር። ይህን ጥበብ ያበጁት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጄይ ፎረስተር መሪነት ዊርልዊንድ የተባለውን ኮምፒዩተር የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው። ዊርልዊንድ በ1951 ሥራ ሲጀምር የታሰበለት አገልግሎት ከአየር መከላከያ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፣ ቆሞ ሲጠገን የሚጠብቀው አልነበረም። ስለዚህ በየዕለቱ ለፍተሻ በተመደበው ሰዓት የመፈተኛ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ለየክፍሉ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከመደበኛው ከፍና ዝቅ እንዲል ይደረግ ነበር። ጤነኛው ክፍል ይህን ለውጥ ይችላል፤ የደከመው ቱቦ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሊፈጽመው የነበረውን ስሕተት እዚያው በመሐንዲሱ ፊት ይፈጽመዋል። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ቁም ነገሩ ትልቅ ነው። ብልሽቱ በራሱ ጊዜ እስኪመጣ መጠበቅ ቀርቶ፣ በፈታሹ ጊዜ እንዲመጣ ማስገደድ ተቻለ። ዛሬም ቺፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን በቮልቴጅና በሙቀት ወሰን ላይ አድርሰው የሚፈትኑት በዚሁ መንገድ ነው።

በዚያው ዘመን የተፈጸመ አንድ ሌላ ነገር ከሚገባው በላይ ዝና አግኝቷል። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት በተባለው ኮምፒዩተር የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ማለትም በሪሌይ ውስጥ፣ አንድ የእሳት ራት ተገኘች፤ ሠራተኞቹም በመዝገቡ ላይ ለጠፏት። ግሬስ ሆፐር ስላስተዋወቀችው ታሪኩ በየመጽሐፉ ገብቷል። ከምርመራ ጥበብ አንጻር ግን ይህ ከቀላሎቹ ጉዳዮች አንዱ ነበር፤ ምክንያቱም ጥፋተኛዋ ከነክንፏ በስፍራው ተገኝታለች።

ይልቁንም በሪሌይ ኮምፒዩተሮች ዘመን ለወደፊቱ የበለጠ ፍሬ ያፈራው በቤል ላቦራቶሪ የተፈጸመው ነው። የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ሃሚንግ ሥራውን ለኮምፒዩተሩ የሚያስረክበው በሳምንቱ መጨረሻ፣ ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት ነበር። መሣሪያው ስሕተት መፈጠሩን በራሱ ያውቃል፤ ነገር ግን ሊያርመው ስለማይችል የያዘውን ሥራ ትቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሃሚንግ ሰኞ ሲመለስ ሥራው ተጥሎ አገኘው፤ በሌላው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። መሣሪያው ስሕተት እንዳለ ለማወቅ ከቻለ፣ ስሕተቱ የት እንዳለ አውቆ ለማረም የማይችለው ለምንድን ነው ሲል ጠየቀ። መልሱን በ1950 አሳተመ። በመረጃው ላይ ጥቂት ተጨማሪ ቢቶች በተወሰነ ሥርዓት ቢታከሉ፣ አንድ ቢት ቢሳሳት የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማረም እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ አስቀድሞ የታወቀው ፓሪቲ የተባለው ዘዴ አንድ ቢት ብቻ በመጨመር ስሕተት መኖሩን ያስታውቃል እንጂ ቦታውን አያመለክትም። ፓሪቲ ጩኸት ብቻ የሚያሰማ ዘበኛ ሲሆን፣ የሃሚንግ ኮድ ግን ሌባውን ይዞ የሚያስረክብ ነው።

የምርመራው ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀው ምዕራፍ የሚጀምረው የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ፣ ማለትም ሜሞሪ፣ ከማግኔት ቀለበት ወደ ሲሊከን ቺፕ ከተሸጋገረ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በአንድ ቺፕ ላይ 16,000 ያህል ቢት የሚይዝ ሜሞሪ ተሠራ። እያንዳንዱ ቢት በጥቃቅን ጕድጓድ ውስጥ እንደ ተጠራቀመ ውኃ የሚቈጠር የኤሌክትሪክ ክምችት ነው። ብዙም ሳይቈይ አንድ እንግዳ ስሕተት ይታይ ጀመር። አንድ ቢት ያለ ምክንያት ከአንድ ወደ ዜሮ ይገለበጣል፤ ቺፑ ተነቅሎ ሲፈተን ግን አንዳች ጕድለት አይገኝበትም፤ ተመልሶ ሲተከልም በትክክል ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚስተው ደግሞ ሌላ ቢት ነው። በልማድ እንደሚደረገው ቺፑን አውጥቶ በአዲስ መተካት ምንም አልጠቀመም፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋልና።

መልሱ በ1978 ኢንቴል ከተባለው ኩባንያ መጣ። ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ ስሕተቱን የሚፈጥረው ቺፑ ሳይሆን የታሸገበት ዕቃ መሆኑን አሳዩ። በማሸጊያው ሴራሚክ ውስጥ እጅግ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም ይገኛል፤ እነዚህም ሲፈርሱ አልፋ የተባለውን ቅንጣት ይተፋሉ። 5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያለው አንድ የአልፋ ቅንጣት በሲሊከን ውስጥ ሲቆም 1.4 ሚሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል። በወቅቱ በአንድ የሜሞሪ ጕድጓድ የሚጠራቀመው የኤሌክትሮን ብዛት ከዚህ እምብዛም የራቀ ስላልነበረ፣ አንድ ቅንጣት ብቻዋን አንድን ቢት ለመገልበጥ ትችል ነበር። ቢቱ ይገለበጣል፤ ቺፑ ግን አይጎዳም፤ ፈታሹ ሲደርስ ምንም የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ በአይ.ቢ.ኤም. መጽሔት የወጣ ጽሑፍ እንደሚተርከው ማሸጊያውን የሚያመርተው አዲስ ፋብሪካ የሚጠቀመው የወንዝ ውኃ ከላይ በኩል በነበረ የቀድሞ የዩራኒየም ሥራ የተበከለ ነበር። ሜሞሪውን የነደፈው መሐንዲስ ስለ ወንዙ ሊያስብ የሚችልበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም።

ማሸጊያው ቢጠራስ ስሕተቱ ይጠፋልን? በአይ.ቢ.ኤም. ይሠራ የነበረው ጄምስ ዚግለር ከዊሊያም ላንፎርድ ጋር በ1979 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ጨርሶ እንደማይጠፋ አመለከቱ። ከጠፈር የሚመጡ የኮስሚክ ጨረሮች ከአየሩ ጋር ሲጋጩ ኒውትሮኖችን ይፈጥራሉ፤ ኒውትሮን ደግሞ የሲሊከንን አቶም እምብርት ሲመታ ስብርባሪው እንደ አልፋ ሁሉ ኤሌክትሮኖችን ያፈናቅላል። ይህ አሳብ ትክክል ከሆነ ስሕተቱ በከፍተኛ ቦታ መብዛት፣ ከመሬት በታች ማነስ ይኖርበታል። አይ.ቢ.ኤም. ይህን ለማረጋገጥ በሺህ የሚቈጠሩ ቺፖችን በባሕር ጠለል አካባቢ፣ ከመሬት በታች በሚገኝ ዋሻና በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ወደ 3,100 ሜትር ከፍታ ባላት በሌድቪል ከተማ ፈተነ። ውጤቱም ከአሳቡ ጋር ተስማማ።

ይህ ግኝት አዲስ አበባን ለመሰለ ከተማ የራሱ ትርጉም አለው። ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚሠራ ኮምፒዩተር ከጅቡቲ ወደብ ካለው ይልቅ ብዙ ኒውትሮን ይወርድበታል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ተራሮችን ቁጥር እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይገባም። ኢትዮጵያ የምትገኘው በምድር የማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሆነ የምድር ማግኔታዊ ኃይል ከጠፈር የሚመጡትን ቅንጣቶች በዚህ አካባቢ አብዝቶ ይመልሳል። ከፍታው ይጨምራል፣ ወገቡ ይቀንሳል፤ ስሌቱም ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አለበት።

በዚያው በአይ.ቢ.ኤም. በ1987 የተነሣው ችግር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የምርመራን ትዕግሥት የሚያስተምር ነው፤ በኩባንያው ውስጥ ሄራ የሚል የምስጢር ስም ተሰጥቶት ነበር። በደንበኞች ዘንድ ባሉ ኮምፒዩተሮች የሜሞሪ ስሕተት በድንገት በዛ። ንድፉ አልተለወጠም፤ ማሸጊያው ከአልፋ እንዲጠራ ከተደረገ ዓመታት አልፈዋል፤ ኮስሚክ ጨረርም በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይጨምርም። ወሳኙ ፍንጭ የተገኘው በንጽጽር ነው። በአውሮፓ ፋብሪካ የተሠሩት ተመሳሳይ ቺፖች ደኅና ሲሆኑ፣ የሚስቱት በአሜሪካ የተሠሩት ነበሩ። አንድ ንድፍ፣ ሁለት ፋብሪካ፣ ሁለት ውጤት፤ እንግዲህ ጥፋቱ በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ውስጥ ነበር።

መርማሪዎቹ የሚስቱትን ቺፖች ሲለኩ በላያቸው የራዲዮአክቲቭ ቅሪት አገኙ፤ እርሱም ፖሎኒየም 210 ነበር። ከዚያ በኋላ የፋብሪካውን የሥራ ደረጃዎች እየተከተሉ መሣሪያውንና ኬሚካሉን ሁሉ በጨረር መለኪያ ፈተሹ። ፍለጋው ወደ ናይትሪክ አሲድ አደረሳቸው። አሲዱ ግን ሁሉ የተበከለ አልነበረም፤ ብዙው ጠርሙስ ንጹሕ ሆኖ ጥቂቱ ብቻ ብክለት ነበረበት። ናሙና ወስዶ አንድ ጠርሙስ የመረመረ ሰው አሲዱ ነጻ ነው ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጥያቄው ከአሲዱ ወደ ጠርሙሱ ዞረ። አሲዱን የሚያቀርበው ድርጅት ጠርሙሶቹን ካጠበ በኋላ አቧራ እንዳይስቡ በአየር የሚነፋ መሣሪያ ነበረው፤ መሣሪያውም የጠርሙሱን የኤሌክትሪክ ክምችት ለማጥፋት በውስጡ ፖሎኒየም 210 ይዟል። ይህ ፖሎኒየም ከማኅተሙ እያፈተለከ አልፎ አልፎ ወደ ጠርሙሱ ይገባ ነበር። የፖሎኒየም 210 ግማሽ ዕድሜ 138 ቀን ብቻ ነው፤ ምርመራው ቢዘገይ ኖሮ ማስረጃው ራሱ እየጠፋ በሄደ ነበር። እንግዲህ በአንድ ባንክ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የታየው ስሕተት መነሻው የሌላ ድርጅት ጠርሙስ ማጠቢያ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ታሪክ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች ወደ ጠርሙሱ ለመድረስ የቻሉት ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ስሕተታቸውን የሚያርሙና የሚመዘግቡ ስለ ነበሩ ነው። መዝገብ ባይኖር ኖሮ የሚታየው የቆመ መሣሪያና የተበሳጨ ደንበኛ ብቻ ነበር፤ የሚወቀሰውም ፕሮግራሙ።

በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ቢያንስ ፓሪቲ ነበረው፤ ለየስምንቱ ቢት አንድ ዘጠነኛ ቢት ተመድቦ ይጠብቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ገበያው ዋጋ ለመቀነስ ሲሽቀዳደም ይህ ዘጠነኛ ቢት ከብዙዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ወጣ። ቺፖቹ ከቀድሞው የተሻሉ ናቸው የሚለው ምክንያት እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ቺፑ መሻሉ የሚታወቀው በምስክር ነው፤ የተባረረው ደግሞ ምስክሩ ነው። ይህ ውሳኔ ከቴክኒክ ይልቅ የሒሳብ መዝገብ ውሳኔ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ከዚያ ወዲህ ተራው ተጠቃሚ ኮምፒዩተሩ ሲቆም ጥፋተኛው ሜሞሪው ይሁን ፕሮግራሙ የሚነግረው አጣ። በ1994 ክሪስ ብሬዲ ያዘጋጀው ሜምቴስት86 የተባለው ፕሮግራም በየጥገና ቤቱ የተወደደውም ይህን ጉድለት በከፊል ስለሚሞላ ነው። ሜሞሪውን ልዩ ልዩ የዜሮና የአንድ ረድፎች እየጻፈበትና መልሶ እያነበበ ለሰዓታት ይፈትናል። ስሕተት ካገኘ ይታመናል፤ ሳያገኝ ሲቀር ግን ዕቃው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም።

ምስክር ማጉደል ትልልቆቹንም አልማረም። ከ1999 ጀምሮ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ የሚሸጣቸው ውድ ኮምፒዩተሮች በደንበኞች እጅ ይቆሙ ጀመር። ጥፋቱ የተገኘው ከማስሊያው ክፍል አጠገብ ባለው ፈጣን ሜሞሪ፣ ካሽ በሚባለው ነው። ካሹ ፓሪቲ እንጂ የሚያርም ኮድ አልነበረውም፤ ስለዚህ አንድ ቢት ሲገለበጥ መሣሪያው የተሳሳተ ውጤት ከመስጠት ይልቅ መቆምን ይመርጥ ነበር። ፎርብስ መጽሔት በ2000 እንደ ዘገበው ኩባንያው ደንበኞቹ ጉዳዩን ለሌላ እንዳይናገሩ ስምምነት እንዲፈርሙ ይጠይቅ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ደንበኛ ችግሩ የእርሱ ብቻ እየመሰለው ዕቃ ሲያስለውጥ ሰነበተ። በሄራ ጉዳይ መፍትሔ ያመጣው ንጽጽር እዚህ በፊርማ ታገደ። ኩባንያው በኋላ እያንዳንዱ መረጃ በሁለት ቦታ የሚያዝበትን ካሽ አውጥቶ፣ በሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ የሚያርም ኮድ ጨመረ።

ሁሉም ብልሽት እንዲህ ረቂቅ ነው ማለት አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በብዙ ኮምፒዩተሮች ዋና ሰሌዳ ላይ የነበሩ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ባለው መጥፎ ፈሳሽ ምክንያት እያበጡ ይፈነዱ ነበር። ሣጥኑን ከፍቶ ያበጠውን አናታቸውን ማየት በቂ ሲሆን፣ ሣጥኑ ሳይከፈት ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ ተሰርዞ እንደገና እንደ ተጫነ የሚያውቁት ጠጋኞች ናቸው።

በ2009 ቢያንካ ሽሮደር፣ ኤድዋርዶ ፒኔይሮና ቮልፍ ዲትሪክ ዌበር በጎግል ኮምፒዩተሮች ላይ ያደረጉትን ጥናት ሲያወጡ ለሠላሳ ዓመት የቆየው አስተያየት ተናወጠ። በዓመት ውስጥ ከሜሞሪ ሰሌዳዎቹ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስሕተት ታይቶባቸዋል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው እጅግ የበለጠ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው የስሕተቱ ዐይነት ነው። አብዛኛው ከአልፋና ከኮስሚክ ጨረር የሚመጣው አላፊ ስሕተት ሳይሆን፣ በዕቃው ላይ ካለ ቋሚ ጕድለት የሚመነጭ መሆኑን መዝገቡ አመለከተ። የጨረሩ ታሪክ እውነት ሆኖ ሳለ ለብዙዎች ምቹ ማመካኛ ሆኖ ኖሯል፤ ከሰማይ ለመጣ ቅንጣት ማንም ዋስትና አይጠየቅበትምና። በ2011 ከማይክሮሶፍት የወጣው ጥናት ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የግል ኮምፒዩተሮችን ተመለከተ። በስምንት ወር ውስጥ ቢያንስ የ30 ቀን የማስሊያ ጊዜ ከሠሩት መካከል ከ190 አንዱ በማስሊያው ክፍል ብልሽት ቆሟል። በዕቃ ብልሽት አንድ ጊዜ የቆመ መሣሪያ እንደገና የመቆም ዕድሉ እስከ መቶ እጥፍ እንደሚያድግም ጥናቱ ገልጿል። ስለዚህ ‹አንድ ጊዜ ነው፣ አስነሡትና ይቀጥል› የሚለው የተለመደ ምክር በቁጥር ሲመዘን ደካማ ሆኖ ይገኛል።

በ2020 የጸደቀው ዲ.ዲ.አር.5 የተባለው የሜሞሪ ደረጃ በየቺፑ ውስጥ የሚያርም ኮድ እንዲኖር አድርጓል። ይህ ግን ቺፑ የራሱን ስሕተት በውስጡ እንዲሸፍን ነው እንጂ በቺፑና በማስሊያው መካከል በሚተላለፈው ላይ ጠባቂ አይሆንም፤ ለዚያ የሚሆነው ሙሉ ጥበቃ እንደ በፊቱ ለብቻው የሚገዛ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ችግር ከመቆምም የባሰ ነው። በ2021 ከጎግልና ከፌስቡክ የወጡ ጽሑፎች አንዳንድ የማስሊያ ክፍሎች ሳይቆሙና ሳያስታውቁ የተሳሳተ ስሌት እንደሚሠሩ ገለጹ። ፌስቡክ በዘረዘረው ጉዳይ የታመቁ መዝገቦች ሲፈቱ አንዳንዶቹ ይጠፉ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ፕሮግራሙን ደረጃ በደረጃ እያሳነሱ ሲከተሉት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ካሉት ብዙ ማስሊያዎች አንዱ ላይ ደረሱ። ያ ማስሊያ 1.1 በራሱ 53 ጊዜ ተባዝቶ ክፍልፋዩ ሲጣል ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ 156 ማለት ሲገባው ዜሮ ይመልስ ነበር። መጠኑ ዜሮ የሆነ መዝገብ እንደሌለ ስለሚቈጠር ፕሮግራሙ ዘልሎት ያልፋል። በሌሎች ቁጥሮች ግን ያው ማስሊያ ትክክለኛ መልስ ይሰጥ ነበር።